የንፍሮ እህል ለቀማ

እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ሕፃን ሆኜ ቅዳሴ ላይ ስቁነጠነጥ እናቴ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝም የሚቆነጥጠኝ ጠፋ እንጂ መቁነጥነጡ አልቀረም። ቴሌቪዥን እያየሁ ስልክ አያለሁ፣ ስልክ እያየሁ ምሳ እበላለሁ፣ ምሳ እየበላሁ ስለ እራት አስባለሁ። ባለቤቴ ስታወራኝ "እህ" እላለሁ፤ "ምን አልኩህ?" ስትለኝ የመጨረሻዋን ቃል ደግሜላት አመልጣለሁ። የቤት ውስጥ ጥፋት ስለነበር ለዓመታት በሳቅ ታልፏል። ችግሩ ሥራዬም ማዳመጥ መሆኑ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፤ ምስክር በኦሮምኛ የሚለውን ለዳኛ በአማርኛ፣ ዳኛ የሚለውን ለምስክር በኦሮምኛ እላለሁ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንዲት በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ለምስክርነት ቆሙ። ጎረቤታቸው ቤት ሌቦች የገቡ ዕለት ያዩትንና የሰሙትን እንዲናገሩ ነው የተጠሩት። ነጠላቸውን አስተካክለው ረጅም ነገር መናገር ጀመሩ። በዚያች ቅጽበት ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ ንዝረቱን ግን ረስቼዋለሁ። ስልኩን አላወጣሁትም። ሀሳቤ ግን አብሮት ሄደ። ስመለስ ምስክሯ ጨርሰው ዳኛዋ እኔን እየጠበቁ ነው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሥራ እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ያልሰማሁትን ሞላሁት። ሃያ ዓመት ምስክር ስሰማ ኖሬያለሁና ምስክሮች በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። "ጩኸት ስሰማ ሮጬ ወጣሁ፤ ሰውም ተሰበሰበ" አልኩ፤ አፌን ሞልቼ። የተከሳሾቹ ጠበቃ ተነሣ። ኦሮምኛ ያውቅ ኖሯል።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ እንዲህ አላሉም። 'ፈርቼ በሬን ዘጋሁ' ነው ያሉት።"

ዳኛዋ ጥያቄውን ለምስክሯ እንድደግምላቸው አዘዙኝ፤ ደገምኩላቸው። እናትየዋ ግን ለዳኛዋ አልመለሱም፤ እኔን አዩኝ። በሬን ዘጋሁ ማለት ለአንድ ጎረቤት ቀላል ነገር አይደለም። ያንን ቃል ሰው ፊት ለማለት ስንት ቀን ሲዘጋጁ እንደቆዩ ማን ያውቃል፤ እኔ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ሮጣ የወጣች ጀግና አደረግኋቸው። አልተቆጡኝም። ማንም ያልሰማው ሰው እንደሚያይ ነው ያዩኝ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

ቀጠሮው ከግንቦት ልደታ በኋላ ወዳለው ሳምንት ተላለፈ። ዳኛዋ ቢሮ አስጠሩኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያነሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው።

"የዓመት ፈቃድ አለዎት?"

"አለኝ።"

"ይውሰዱ። ሲመለሱ እኚሁ ምስክር ናቸው የሚጠብቁዎት። ያበላሹትን እርስዎው ያስተካክላሉ። ካልሆነ ግን ሌላ አስተርጓሚ እንዲመደብልኝ እጽፋለሁ፤ ለዚህ መዝገብ ብቻም አይደለም።"

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ፤ አርባ ስምንት ዓመት የተበተነ ሀሳብ ለመሰብሰብ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ለሁሉም ነገር መተግበሪያ አላት። ስልኬ ላይ የሜዲቴሽን፣ ሀሳብ መሰብሰቢያውን፣ አወረደችልኝና ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ፈረንጅ ዓይኔን እንድጨፍንና ባሕር ዳር እንደቆምኩ እንዳስብ ነገረችኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ላንጋኖን ተካሁ። ከላንጋኖ መንገድ ላይ የበላነው ዓሣ ትዝ አለኝ፤ ከዓሣው አጥንቱ፣ ከአጥንቱ የተሰካበት ጉሮሮዬ፣ ከጉሮሮዬ ያኔ ያከመኝ ሐኪም አሁን የት ይሆን የሚለው። ዓይኔን ስገልጥ አራት ደቂቃ አልፏል፤ ስልኩ ደግሞ ለመቀጠል ክፈል እያለኝ ነው።

"አባዬ፣ ሀሳብ ሲመጣ ዝም ብለህ አሳልፈው" አለችኝ ልጄ።

"ሲመጣ መቼ አየሁት፤ አብሬው ሄጄ ነው እንጂ።"

እሷም እንደኔ ላለ ሰው ሌላ ዓይነት እንዳለ ነገረችኝ። መቀመጥ የማይሆንላቸው እየተንቀሳቀሱ ያደርጉታል፤ እየሄዱ፣ እየጠረጉ፣ ዕቃ እያጠቡ። "አንተ እርምጃህን ቁጠር" አለችኝ። በማግሥቱ ከልደታ ሰፈር ወደ ሜክሲኮ አደባባይ እየቆጠርኩ ወረድኩ። ሦስት መቶ አርባ ላይ አንድ የማውቀው ጠበቃ ሰላም አለኝ፤ ከአንድ ጀመርኩ። የታክሲ ረዳት ጆሮዬ ሥር ጮኸ፤ ከአንድ ጀመርኩ። ሜክሲኮ ስደርስ ካፌ በር ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ ዜና እያነበብኩ ራሴን አገኘሁት። መቼ እንዳወጣሁት አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ትቼ የምንኖርበትን ኮንዶሚኒየም መዞር ጀመርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰውዬው ከሥራ ተባርሮ ሊያብድ ነው እየተባለ በብሎኩ ሲወራ የመጨረሻው ሰሚ እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ዙር ላይ የምድር ቤቷ እማማ በርጩማቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?"

"እርምጃ እየቆጠርኩ ነው፣ እማማ።"

"ለማን?"

 "ለራሴ" አልኳቸው።

"ና፣ ቁጭ በልና ለኔ ሥራልኝ" አሉ።

እማማ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር አርባ ዓመት እህል የሸጡ ሴት ናቸው። የድሮው ሰፈር ፈርሶ እዚህ ስንገባ ከዕቃ ሁሉ አስቀድመው ያስገቡት ሰፌዳቸውን ነበር ይባላል። ግንቦት አንድ፣ ልደታ፣ ደጅ ነው የምትከበረው፤ እኛ ብሎክ ውስጥ ደግሞ ደጅ ማለት መኪና ማቆሚያው ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል ይወጣል፤ ስንዴ ያለው ስንዴ፣ ባቄላ ያለው ባቄላ፣ ሽንብራ ያለው ሽንብራ። አንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ ደጅ ተቀቅሎ፣ ንፍሮው በአንድ ሰፌድ ይበላል። ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም። መቼም ከየቤቱ እህሉ ሲመጣ የየቤቱ ድንጋይም አብሮ ይመጣልና መለቀም አለበት።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሀጂ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሽንብራው ጣሳ ሁልጊዜ የእሳቸው ነው። ባለፈው ዓመት ንፍሮው ውስጥ ድንጋይ ነክሰው ጥርሳቸው ተሰብሮ ነበር። "ካሉኝ አራት ጥርሶች አንዱን ለልደታ ሰጥቻለሁ፤ ዘንድሮ ስለት የለብኝም" ይላሉ። ያንን እህል የለቀምኩት እኔ ነኝ ብሎ እስከ ዛሬ ያመነ የለም። በዚህ የተነሣ እማማ ዘንድሮ ሕግ አውጥተዋል። ስልክ ባዶ ድስት ውስጥ ይገባና ይከደናል። ድንጋይ ያገኘ ሰው "ድንጋይ!" ብሎ አውጥቶ ለሁሉም ያሳያል፤ ከዚያ ለድንጋይ በተቀመጠው ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። ያልተማመነ ደግሞ ሰፌዱን መልሶ ከመጀመሪያ ይለቅማል።

ስልኬን ድስቱ ውስጥ ጣልኩና አንድ ሰፌድ ስንዴ ተቀበልኩ። በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ፤ ሁለት ድንጋይ አግኝቼ ሁለቱንም ጮክ ብዬ አሳይቻለሁ፤ ኮራሁ። እማማ ሰፌዴን ተቀበሉኝ።

"ስንት አገኘህ?"

"ሁለት።"

"እኔ የጨመርኩት ሰባት ነው" አሉ። "እህሉ ራሱ ይዞት የመጣውን ሳንቆጥር።"

ሀጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ለካ እማማ ሱቃቸው ውስጥ ለቃሚ ሲቀጥሩ በመጀመሪያው ሰፌድ ላይ ሰባት ጠጠር ደብቀው ነበር የሚፈትኑት። አምስቱን ፊት ለፊቴ አንድ በአንድ እያወጡ አሳዩኝ። ከመሐላቸው አንዱ የአተር ፍሬ ያክላል።

"ዓይንህ ደህና ነው" አሉኝ። "አንተ ነህ የሌለኸው።"

ችሎት ላይ የሆነውን አልነገርኳቸውም ነበር። እዚያች በርጩማ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ የሞላሁትን ቃል፣ እናትየዋ ያዩኝን አስተያየት፣ ላንጋኖን ጭምር። ላንጋኖ ላይ ስደርስ ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰላም ከስልክ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው" አሉ። እማማ ግን ሰፌዱን መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ድንጋዩን አትፈልግ" አሉ። "ድንጋይ የሚፈልግ ዓይን ይቸኩላል። ፍሬውን እየው። አንተ ስንዴ ነህ እለፍ፣ አንተም ስንዴ ነህ እለፍ በለው፤ ድንጋዩ ራሱ ይቆምልሃል። ልብህ ሲሄድ እጅህን አቁም። ስትመለስ ደግሞ ከቆምክበት አትቀጥል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰህ ጀምር። ያላየኸውን አየሁ አትበል።"

እንግዲህ ይህ ነበር ትምህርቱ። የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። ስንዴ እለፍ፣ ስንዴ እለፍ ስል ቆይቼ ድስቱ ውስጥ የአንዱ ስልክ ይነዝራል፤ ድስቱ ደግሞ ብረት ነውና ሰፈሩን ያናውጠዋል። የማን ይሆን ስል እጄ ብቻውን ይለቅማል። እማማ አንገታቸውን ሳያዞሩ "ተመለስ" ይሉኛል፤ እንዴት እንደሚያውቁ እንጃ። በሁለተኛው ቀን ማንገዋለል ልማር ብዬ ሰፌዱን ሳሽከረክር ግማሽ ጣሳ የሀጂን ሽንብራ የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ በተንኩት። የመኪናው ማንቂያ ጮኸ። ሽንብራውን ጎማ ሥር ተንበርክኬ እየለቀምኩ ከልቤ ስስቅ ሀሳቤ ሌላ የትም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር መጣ። እጄ ፍሬዎቹን እየገፋ፣ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ወደ ትከሻዬ እየዞረች፣ የከተማው ባቡር በድልድዩ ላይ ሲያልፍ ሰምቼ እንዲያልፍ እየተውኩት ለቀምኩ። ሀጂ በወጣትነታቸው የሰፉትን የመጀመሪያ ሙሉ ልብስ ታሪክ ጀመሩ፤ አንዱን እጅጌ አሳጥረው ሰፍተው ሙሽራው አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ እንዳገባ። ሲጨርሱ "ሙሽራው በኋላ ልብሱን አምጥቶ አልተጣላዎትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ለቀማቸውን አቁመው አዩኝ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንን ታሪክ ስነግርህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም" አሉ።

እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መስሎኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ በሥራዋ የገጠማትን እራት ላይ ስታወራኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማኋት፤ ሳትጠይቀኝ መልሼ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ምን አጥፍተህ ነው?" አለችኝ። ልጄ ደግሞ መተግበሪያው ሠራ ብላ ደስ አላት። ነገሩን ሳስረዳት እሷም ስልኳን ድስቱ ውስጥ ከታ አንድ ከሰዓት በኋላ ለቀመች፤ ከሰባቱ አራቱን አገኘች። እኔ ያኔ ስድስት ደርሼ ነበር፤ አልደበቅኳትም።

ልደታ ደረሰች። ደመናው ያስፈራል ግን አልዘነበም። ድስቱ ከጠዋት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲንተከተክ ዋለ፤ የማማስለው እኔ ነበርኩ። ልጆች ይሮጣሉ፣ የላይኞቹ ፎቅ ሴቶች ዳቦ ይዘው ይወርዳሉ፣ አላፊ አግዳሚው ይጠራል። ንፍሮው ወጥቶ በሰፌድ ሲቀርብ እማማ የመጀመሪያውን ጭብጥ ለሀጂ ሰጧቸው። እኔ አጠገባቸው ነኝ። አፋቸው ውስጥ አደረጉት፤ አኘኩ። ቀጭ አለ።

ሁሉም ሰው ሰማው። ሀጂ ማኘካቸውን አቁመው እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እማማ እኔን አዩኝ፤ ብሎኩ በሙሉ እኔን አየኝ። ሃያ ሰፌድ እህል በልቤ መልሼ ለቀምኩ። ሀጂ ቀስ ብለው አንድ ነጭ ነገር በሁለት ጣታቸው አውጥተው ወደ ብርሃን አነሱት።

"አትደንግጡ" አሉ። "ጥርሴ ነው። አዲሱ። ሐኪሙ ጠንካራ ነገር እንዳትነካ ብሎኝ ነበር፤ የልደታ ንፍሮ ይቅርብኝ እንዴ?" ከዚያ እኔን በእጃቸው እያመለከቱ፣ "ለቃሚው ነፃ ነው፤ ይሰናበት" ብለው ፈረዱልኝ።

ያን ያህል የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሀጂ ጥርሳቸውን በመሐረብ ቋጥረው በቀሩት ጥርሶች ሁለት ጭብጥ ጨመሩ። እኔም በላሁ፤ ስንዴውን ስንዴ፣ ባቄላውን ባቄላ እያልኩ በላሁ። እንዲህ የጣፈጠኝ ንፍሮ የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ችሎት ገባሁ። ስልኬን ቤት ትቼው ወጥቻለሁ፤ በምትኩ ኪሴ ውስጥ አንዲት ጥሬ ሽንብራ አለች። ምስክሯ ቆመዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ዳኛዋ መለሱ፤ አልፈረድኩባቸውም። መናገር ጀመሩ፤ እኔ ሽንብራዋን በጣቶቼ መሐል እያሽከረከርኩ ቃሉን በቃሉ ተከተልኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እላለሁ። አንድም አልወደቀ። ሰባት፣ ስምንት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሄደ።

ከዚያ፣ እንዴት ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ አሰብኩ። በቃ ይኸው ነው። ስልክ አልነዘረ፣ በር አልተንኳኳ፤ ራሴን ሳሞግስ ሀሳቤ ሄደ። ስመለስ የመጨረሻው ንግግር አልፏል። በሬን ዘጋሁ ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ነገር አለ፣ እሱን አልሰማሁም።  ጠበቃው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ። ዝግጁ ቃል አፌ ላይ ነበረ፤ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቃል፣ ማንም የማይጠረጥረው። ጣቶቼ ሽንብራዋ ላይ ቆሙ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ የመጨረሻውን አልሰማሁም" አልኩ። "እንዲደገምልኝ እጠይቃለሁ።"

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ ያዩኝ መሰለኝ። "ይደገም" አሉ።

ወደ ምስክሯ ዞሬ በኦሮምኛ፣ "እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሀሳቤ ሄዶብኝ ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰው ይንገሩኝ" አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በዚህ ጊዜ ለዳኛዋ አልነበረም የተናገሩት፤ እኔን ቀጥ ብለው እያዩ ነው።

"ጎረቤቴ ስሜን ጠርታ ጮኸች። ሰማኋት። ፈርቼ በሬን ዘጋሁ። እሷ ተርፋ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በሬን በዘጋሁ ቁጥር ስሜን ስትጠራ ይሰማኛል።"

አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ አልኩት።  ዳኛዋ ጻፉ፤ ጠበቃውም እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ችሎቱ ሲያልቅ ዳኛዋ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ "የሚቀጥለው ቀጠሮም እርስዎ ነዎት" አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ምስክሯ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

ከፍርድ ቤት እስከ ብሎካችን በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ስንት እርምጃ እንደሆነ አልቆጠርኩም። እማማ በራቸው ላይ በርጩማቸው ላይ ነበሩ፤ ሰፌድ ጭናቸው ላይ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ምስር። ሲያዩኝ እጃቸውን አቆሙ።

"ስንት ድንጋይ?"

"አንድ።"

"አሳየኸው?"

"ለሁሉም።"

ጎናቸው ያለውን ባዶ በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። ተቀመጥኩና ከሰፌዱ ግማሹን ወደ እኔ ሳብኩ።